ኢንተለጀንስ ልማር ካላችሁ፦ የቱ መንገድ ለማን ይሆናል?

ባለፈው መስከረም የእህቴ ልጅ ከእናቷ ጋር ከእነዋሪ መጥተው ደብረ ብርሃን እኔ ቤት አደሩ። ልጅቷ በኢኮኖሚክስ ከተመረቀች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ቡናው እየተቆላ ስልኳን አወጣችና "ጋሼ፣ ማስተርሴን በኢንተለጀንስ ልቀጥል አስቤያለሁ። የቱ ይሻለኛል?" አለችኝ። እናቷ ከምጣዱ ቀና አለች። "ሰላይ ልትሆኚ ነው?" ቡናው አረረባት።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። አራት ገጽ ከፍታለች። አንደኛው ውጭ አገር ያለ የደህንነት ጥናት ማስተርስ ነው። ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚሰጥ የፓወር ቢአይ (የድርጅትን ቁጥሮች በሥዕል የሚያሳይ ሶፍትዌር) ኮርስ ነው። ሦስተኛው ስለ ገበያና ስለ ተፎካካሪ ድርጅቶች ጥናት ነው። አራተኛው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። አራቱን ያገናኛቸው አንድ ቃል ብቻ ነው። የሚያስተምሩት ነገር፣ የሚጠይቁት ገንዘብና የሚያደርሱበት ቦታ ለየቅል ነው።

እኔ ለእህል ነጋዴዎችና ለገበሬ ማኅበራት የገበያ ጥናት እሠራለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነው። ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝም የእህቴ ልጅ ብቻ አይደለችም። ስለዚህ ያን ቀን በቃል ያልኳትን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን ግን ከወዲሁ ላስወጣው። እሱ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ሂሳብና ፕሮግራሚንግ ከወደዳችሁ ጥሩ ትምህርት ነው። እዚህ የማወራው ግን ሰው ውሳኔ እንዲወስን ስለሚያግዘው ኢንተለጀንስ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ

በአማርኛ ነገሩ ይበልጥ ይደባለቃል። ዳታውም "መረጃ" ነው፤ ኢንፎርሜሽኑም "መረጃ" ነው፤ ኢንተለጀንሱም "መረጃ" ነው። በዚያ ላይ "ደህንነት" የሚለው ቃል ሲጨመር ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ልዩነቱን በገብስ ላስረዳ። ዛሬ ገበያ ላይ አንድ ኩንታል ገብስ ስንት እንደተሸጠ መመዝገብ ዳታ ነው። ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያይቶ "ቀንሷል" ማለት ኢንፎርሜሽን ነው። "የቀነሰው ከሌላ አካባቢ የሚመጡት ገዢዎች ስላልመጡ ይመስለኛል። ምርት ስለበዛ አይደለም። እርግጠኛነቴ መካከለኛ ነው። ገንዘብ ካላስቸገረህ አሥር ቀን ሳትሸጥ ቆይ" ማለት ኢንተለጀንስ ነው። ምክንያት አለው፤ የወደፊቱን ይገምታል፤ ምን ያህል እንደሚተማመን ይናገራል፤ የሚወስን ሰው አለው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የቀረው ሪፖርት ነው።

ይህን በትምህርት ቤት አልተማርኩትም። በፋሲካ በግ ንግድ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ነው። ሦስት ሰው "ዘንድሮ ከመንዝ የሚወርደው በግ ትንሽ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ዋጋው ይሰቀላል" አሉኝ። አንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለ ደላላ ነው። አንዷ ደብረ ሲና ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። አንዱ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ነው፤ በስልክ ነው የነገረኝ። ሦስት ሰው፣ በሦስት ከተማ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ ብዬ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ወጥቼ ሃያ በግ ገዛሁ። አዲስ አበባ ስደርስ የበግ ተራው ሞልቶ ፈሷል። ከገዛሁበት በታች ሸጬ ተመለስኩ። በኋላ አንድ በአንድ ስጠይቅ ሦስቱም ወሬውን የሰሙት ከአንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሹፌሩ ደብረ ሲና ምሳ በልቷል፣ ደብረ ብርሃን አድሯል፣ አዲስ አበባ አራግፏል። ሦስት ምስክር የመሰለኝ አንድ ሰው ነበር።

የኢንተለጀንስ ትምህርት ለዚህ ስህተት ስም አለው። ዞሮ የሚመጣ ወሬ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ "አንተስ ከማን ሰማህ?" ብሎ እስከ ምንጩ መጠየቅ። ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሃያውን በግ አልገዛም ነበር። ትምህርቱን የማከብረውም ለዚህ ነው።

የደህንነት ኢንተለጀንስ ጥናት

የእህቴን ድንጋጤ ከዚህ ልጀምር። ይህ ትምህርት ሰላይ አያደርግም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠናው ይፋ ከሆኑ ሰነዶችና ከታሪክ ነው። ሰው መከታተል ወይም ስልክ መጥለፍ የሚያስተምር ክፍል የለም። የየአገሩ የደህንነት ተቋማት ሠራተኞቻቸውን በራሳቸው መንገድ መልምለው ራሳቸው ያሠለጥናሉ።

ታዲያ ምን ይማራሉ? በአብዛኛው ብልህ ሰዎች እንዴት እንደተሳሳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትመታ አሜሪካኖቹ ምልክት አጥተው አልነበረም። ምልክቶቹ በማይረባ ወሬ ክምር ውስጥ ተቀብረው ነበር። ይህን አበጥራ ያሳየችው ሮበርታ ዎልስቴተር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የእስራኤል ተንታኞች "ግብፅ ሩቅ የሚመታ የጦር አውሮፕላን ሳታገኝ ጦርነት አትጀምርም" የሚል እምነት ይዘው ነበር። ጦሩ ስዊዝ ካናል ዳር ሲሰበሰብ እያዩ ልምምድ ነው አሉ። ኦክቶበር ላይ ግብፅ ተሻገረች።

የእኛ ታሪክም ከእነዚህ ጎን መቀመጥ ይገባዋል። ባሻይ አውዓሎም ለጣሊያኖቹ "የምኒልክ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል" ብሎ እንዳሳመናቸው ይነገራል። ጣሊያኖቹ የራሳቸው ሰላይ ነው ብለው ነበር። ወሬው የተዋጠላቸው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ስንቅ በእርግጥ ችግር ስለነበር ወሬው እውነት ይመስላል። ሁለተኛ፣ ጄኔራል ባራቲየሪ ላይ ከሮም "ምን ትጠብቃለህ?" የሚል ግፊት ነበረበት። መስማት የፈለገውን ሰማ። ውጤቱን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አየነው። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" የሚለው ተረታችን ለዚህ ነው የተተረተው።

ከዚህ መስክ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል የሸርማን ኬንትን ታሪክ እመርጣለሁ። ኬንት የዬል ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካውን የስለላ ድርጅት የሲአይኤን የግምገማ ቢሮ መርቷል። እ.ኤ.አ. በ1951 ቢሮው ዩጎዝላቪያ በሶቪየት ወገን ልትወረር ትችል እንደሆነ ግምገማ ጻፈ። ጽሑፉ ወረራው "በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ ዕድል" እንዳለው ይናገራል። አንድ ባለሥልጣን ኬንትን "ይህ ከመቶ ስንት ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀው። ኬንት 65 ገደማ አለው። ባለሥልጣኑ ደነገጠ፤ እሱ የተረዳው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ኬንት ተመልሶ ጽሑፉን አብረውት የጻፉትን ባልደረቦቹን ጠየቀ። አንዱ 20 ሲል ሌላው 80 አለ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ተስማምተው ፈርመዋል፤ የተስማሙት ግን በቃሉ እንጂ በነገሩ አልነበረም።

ያን ቀን ቡናው ላይ በአማርኛ ሞከርነው። "ነገ ሳይዘንብ አይቀርም ብላችሁ ከመቶ ስንት ማለቴ ነው?" አልኳቸው። እህቴ "ዘጠና። በርበሬዬን አላሰጣም" አለች። ልጅቷ ስልሳ አለች። ለቡና የመጣች ጎረቤታችን "ኧረ ግማሽ በግማሽ ነው፤ አይቀርም የማይል ማን አለ?" አለች። "ሳይሆን አይቀርም"፣ "ሊሆን ይችላል"፣ "ይመስለኛል"፣ "መሆኑ አይቀሬ ነው" የሚሉትን ቃላት በየቀኑ እንጠቀማለን። ጭነት ይሂድ አይሂድ፣ ብድር ይሰጥ አይሰጥ በእነዚህ ቃላት ይወሰናል። ቃሉን ከቁጥር ጋር ማያያዝ የለመደ ሰው የትም ቢቀጠር ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። ለንደን ውስጥ ኪንግስ ኮሌጅና ብሩኔል፣ ዌልስ ውስጥ አበሪስትዊዝ በዚህ ጥናት ይታወቃሉ። አሜሪካ ውስጥ ፔንሲልቬኒያ ያለው መርሲኸርስት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ተንታኞችን ያሠለጥናል። የጀመረው ከኤፍቢአይ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ወደ ተግባር ያደላል። የእንግሊዞቹ ወደ ታሪክና ወደ ፖለቲካ ያደላሉ። ግላስጎው፣ ደብሊን ሲቲና የፕራጉ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚሰጡት የሁለት ዓመት ማስተርስም አለ። ኢራስመስ ሙንዱስ በሚባለው የአውሮፓ ፕሮግራም ሥር ነው።

ክፍያው በፓውንድ፣ በዶላርና በዩሮ ነው። ከኪስ ከፍላችሁ እንድትሄዱ አልመክርም። ቤት ወይም መሬት ሸጦ ለዚህ ትምህርት መሄድ ፈጽሞ አይሆንም። ስኮላርሺፕ ካገኛችሁ ግን ሂዱ። ለእንግሊዝ ዋናው ቼቭኒንግ ነው። የአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። 2800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት ገደማ መሥራት ማለት ነው። ስትጨርሱ አገር ቤት ተመልሳችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንድትቆዩ ያስገድዳል። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት መልስ "አይሆንም" አልነበረም። "ገና ነሽ" ነው ያልኳት።

ቢዝነስ ኢንተለጀንስ

ይህ በየቦታው የሚሸጠው ኮርስ ነው። ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፎበታል። ዛሬ ኤክሴል፣ ኤስኪውኤል (ከኮምፒውተር መዝገብ መረጃ መጠየቂያ ቋንቋ)፣ ፓወር ቢአይና ታብሎ ማለት ነው። የድርጅቱን የራሱን መዝገብ ወስዶ በሥዕል ያሳያል፦ ምን ተሸጠ፣ የት፣ ለማን፣ ከባለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። በጥቂት ወራት ይለመዳል። ሥራ ማስታወቂያ ላይ በስሙ ተጠርቶ ይወጣል፤ ባንኮች፣ ፋብሪካዎችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ይፈልጉታል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የተማረ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ድክመቱም መታወቅ አለበት። መሣሪያው የሚያየው ወደ ቤት ውስጥና ወደ ኋላ ነው። መዝገቡ ውስጥ የሌለውን አያይም። የብርድ ልብስ ሽያጭ በሰኔ እንደቀነሰ ይነግራችኋል። ጎረቤት ከተማ ላይ ሌላ ሻጭ በርካሽ መጀመሩን አይነግራችሁም። ሦስት ወር ተምረው "ተንታኝ ነኝ" የሚሉ ልጆች ላይ የማየው ጉድለት ይኸው ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ "ታዲያ ምን ላድርግ?" ሲባሉ ዝም ይላሉ። ቢሆንም ቶሎ ደመወዝ የሚያስፈልገው ሰው ከዚህ ይጀምር። ብዙዎቻችን ቶሎ ደመወዝ ያስፈልገናል።

የገበያና የተፎካካሪ ጥናት

የቀደመው ወደ ውስጥ ሲያይ ይህኛው ወደ ውጭ ያያል። ተፎካካሪው ምን ሊያደርግ ነው? ገዢው ወዴት እየሄደ ነው? ምን አዲስ ሕግ እየመጣ ነው? የሃርቫርዱ ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ የጻፋቸው ሥራዎች ለዚህ መስክ መሠረት ሆነዋል። አንድን ዘርፍ የሚጫኑት ኃይሎች አምስት ናቸው ይላል፦ ነባር ተፎካካሪዎች፣ አዲስ ገቢዎች፣ ተተኪ ዕቃዎች፣ ገዢዎችና አቅራቢዎች። የባለሙያዎቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ ተመሥርቷል።

ለሰሜን ሸዋ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አልዩ አምባ ከታጁራ ወደ አንኮበር ለሚወጣው ቅፍለት ትልቅ ገበያ ነበረች። ጨው ይዞ የመጣ ነጋዴ ወሬም ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1841 ደግሞ ከቦምቤይ የተላከ የእንግሊዝ ቡድን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ገባ። የመጣው ለወዳጅነትና ለንግድ ውል ነው፤ ውሉም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተፈረመ። ነገር ግን ከመሪው ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ሠዓሊና የተፈጥሮ ተመራማሪ አብረው ነበሩ። እስከ 1843 ቆይተው መንገዱን፣ ምርቱንና የአገሩን ልማድ መዝግበው ሄዱ። ንግድና መረጃ በአንድ በቅሎ ሲጫኑ አንኮበር ቀድማ አይታለች።

ዛሬም ሥራው እዚሁ አለ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ቢራ ፋብሪካው፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚህ ናቸው። የቢራ ገብስ የሚዘራው ገበሬ፣ የሚሰበስበው ማኅበርና የሚገዛው ፋብሪካ ሁሉም ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋሉ። በቋሚነት የሚነግራቸው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማን እንደሆናችሁ ዋሽታችሁ መጠየቅ ከዚህ ሙያ ውጭ ነው። "ደንበኛ ነኝ" ብሎ የተፎካካሪን ዋጋ ማውጣት፣ የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ሰነድ እንዲያወጣ ማባበል ነውርም ነው፤ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል። የንግድ ውድድር አዋጁን 813/2006ን እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን 1321/2016ን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንብቡ። እኔ ገጠር ስወጣ የትብብር ደብዳቤ ሳልይዝ አልወጣም። ደብተር ይዞ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው በዚህ ጊዜ ማንንም ያሠጋል። ስለ መንገድ ስጠይቅም "መኪና ያልፋል ወይ?" ብቻ ነው የምለው። ከዚያ ያለፈው የእኔ ጉዳይ አይደለም።

ይህን በስሙ በዲግሪ የሚያስተምር ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። በኢኮኖሚክስ፣ በማርኬቲንግ ወይም በአግሪቢዝነስ ገብታችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በዚህ ላይ ማድረግ ይሻላል።

የሰላም ጥናትና የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ

ሰው የሚረሳው መንገድ ይኼ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሰላምና የደህንነት ጥናት ተቋም አለው፤ ማስተርስም ይሰጣል። ትኩረቱ ግጭትና ሰላም ነው። ወደ አፍሪካ ኅብረት፣ ወደ ኢጋድና ወደ እርዳታ ድርጅቶች ለሚያስብ ሰው ከለንደኑ ይልቅ ቅርብ ነው። ምርምሩም፣ የምትተዋወቁት ሰውም እዚሁ አህጉር ላይ ነው።

የቅድመ ማስጠንቀቂያው ሥራ፣ ማለትም ችግር ሳይደርስ ቀድሞ መናገር፣ ደግሞ በእኔ እምነት ለአገራችን ከሁሉም የሚበልጥ ኢንተለጀንስ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ሲገባ ማንም አላወቀም የሚል ካለ ተሳስቷል። ከየወረዳው ወሬው መጥቷል። የሚሰማው ታጣ። አንዳንዱም እንዳይሰማ ተደረገ። ዎልስቴተር ስለ ፐርል ሃርበር ካሳየችው ይልቅ ይህ ያመኛል፤ የሞተው ወገናችን ነውና።

መንዝ ላይ በልግ ሲቀር ምን እንደሚታይ ላሳያችሁ። አንድ በግ ተሽጦ ስንት ኪሎ ገብስ ይገዛል? ቁጥሩ ይኸው ነው። በጉ ሲረክስና ገብሱ ሲወደድ ቁጥሩ ከሁለት በኩል ይወርዳል። ገበሬው መኖ አጥቶ በጉን ያወጣል፤ ሁሉም ስለሚያወጣ በጉ ይረክሳል፤ እህል ስለጠፋ ገብሱ ይወደዳል። አንድ የገበያ ቀን ላይ ቆማችሁ ሁለት ዋጋ በመጠየቅ ታገኙታላችሁ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ከወረደ፣ እናት ያልሆነው በግ ቀርቶ ለመውለጃ የሚቆየውን እንስት በግ ሰው ማውጣት ከጀመረ፣ ይህ ለወረዳ የሚጻፍ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ዋስትና ምደባ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ሲያወጣ ከሚያያቸው ነገሮች መካከል ይህን የመሰለ ዋጋ አለበት። ለዚህ ሥራ ጂኦግራፊ፣ ግብርና ወይም ኢኮኖሚክስ ይበቃል። ላዩ ላይ የካርታ ሶፍትዌር ጨምሩበት።

ሳይመዘገቡ መማር

ብዙው ነገር በነፃ አለ። ሪቻርድስ ሂወር የሚባል የሲአይኤ ሰው ስለ ተንታኝ አእምሮ የጻፋቸው ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ1999 ተሰብስበው ወጥተዋል፤ ድርጅቱ ራሱ በድረ ገጹ በነፃ ለቋቸዋል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱን ዘዴ ብቻ በገብሳችን ልሥራው።

የገብስ ዋጋ ደብረ ብርሃን ላይ ወረደ እንበል። ሦስት ምክንያት እንጻፍ፦ ምርት በዝቷል፤ ፋብሪካው መግዛት አቁሟል፤ መንገድ ተቸግሮ የውጭ ገዢ ቀርቷል። ብዙ ሰው የወደደውን አንዱን ይይዝና የሚደግፈውን ይሰበስባል። ሂወር ተገላቢጦሹን ያዛል። ሦስቱንም ከላይ ጻፉ፤ ማስረጃውን ከጎን ጻፉ፤ እያንዳንዱ ማስረጃ የትኛውን እንደሚያፈርስ ጠይቁ። "ዋጋ ወርዷል" የሚለው ሦስቱንም ይስማማል፤ ስለዚህ ምንም አይረዳንም። "ጤፍና ምስርም ወርዷል" የሚለው ግን ከባድ ነው። ቢራ ፋብሪካ ጤፍ አይገዛም። ሁለተኛው ምክንያት ተዳከመ። "የልማት ሠራተኛው ዘንድሮ ምርቱ መካከለኛ ነው ብሏል" የሚለው የመጀመሪያውን ያደክመዋል። የቀረው መንገዱ ነው። እርግጠኛ አልሆንም፤ ግን ቀጥሎ የት ሄጄ ምን እንደምጠይቅ አውቄያለሁ። የጭነት መኪና ማቆሚያው ጋ ሄዶ የጣርማበርን ዋሻ አልፈው የሚመጡትን መኪኖች መቁጠር ነው።

ምንጭን የመመዘኛ ዘዴም አለ፤ የድሮው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው። ነጋሪው ምን ያህል ይታመናል የሚለውን በፊደል፣ ወሬው ራሱ ምን ያህል ተረጋግጧል የሚለውን በቁጥር ለየብቻ ይሰጣሉ። ለየብቻ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። የታመነ ሰውም የተሳሳተ ወሬ ያመጣል። ውሸታም የሚባለው ደላላም አንዳንዴ እውነት ይናገራል።

ብቻን የመማር ችግሩ የሚያርም ሰው አለመኖሩ ነው። ለዚህ ደብተር ያዙ። "በሚቀጥለው ወር ጤፍ ይጨምራል፣ 70 ከመቶ" ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ። ወሩ ሲያልቅ ተመለሱበት። ፊሊፕ ቴትሎክ የሚባል ምሁር በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ባደረገው ጥናት ጥሩ ገማቾች የሆኑት ታዋቂዎቹ ሊቃውንት አልነበሩም። በትንሽ በትንሹ ግምታቸውን የሚያስተካክሉና ነጥባቸውን የሚቆጥሩ ተራ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ እንዴት ልምረጥ?

የትምህርቱን ስም ተዉት። "የማንን ጥያቄ ልመልስ?" በሉ። የድርጅታችሁን ሥራ አስኪያጅ ከሆነ በፓወር ቢአይ ጀምሩ። ነጋዴውን ወይም ማኅበሩን ከሆነ የገበያ ጥናት ነው። ወረዳውን ወይም የእርዳታ ድርጅቱን ከሆነ የቅድመ ማስጠንቀቂያው ነው። የመንግሥትን ፖሊሲ ወይም የባንክን ሥጋት ከሆነ የደህንነት ጥናቱ ይጠቅማል፤ ያውም ከሁለት ሦስት ዓመት ሥራ በኋላ። በባንክ ውስጥ ሕገ ወጥ ገንዘብን የሚከታተለው ክፍል ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሥርዓተ ትምህርቱን ዝርዝር ስታዩ የሚመጣ ነው። ተማሪው በሴሚስተሩ ውስጥ ስንት ጊዜ ራሱ ፍርድ ይጽፋል? አንድ ገጽ፣ ግልጽ መልስ፣ እርግጠኝነቱ በቁጥር፣ ከዚያ መምህሩ የሚያርመው። ይህ ከሌለ ስለ ኢንተለጀንስ ታሪክ ታውቃላችሁ እንጂ መሥራት አትችሉም። መምህሩን በኢሜይል ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ፕሮግራም ከሆነ ያም አንድ መረጃ ነው።

እኔ ለራሴ ብመርጥ? የኢኮኖሚክስ ወይም የስታቲስቲክስ ዲግሪ፣ ቀጥሎ ሁለት ዓመት እዚሁ ሥራ፣ ከጎኑ የሂወር ዘዴና የግምት ደብተር፣ ከዚያ ስኮላርሺፕ ከመጣ ውጭ። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ አይቻለሁ። ውጭ ተምሮ የመጣ ጎበዝ ልጅ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሲናገር ያስደምማል፤ የእነዋሪ ምስር ለምን በየካቲት እንደሚወደድ ግን አያውቅም። ቀጣሪው የሚጠይቀው ምስሩን ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን የአንድ የገበሬ ማኅበር የግዢ ሒሳብ ትይዛለች። ማታ ማታ ኤስኪውኤል ትማራለች። በየገበያው ቀን የአምስት እህል ዋጋ ትመዘግባለች፤ ጎኑ ላይ ምንጯንና የሚቀጥለውን ሳምንት ግምቷን ትጽፋለች። ባለፈው ደውላ ከአሥራ ሁለት ግምት ሰባቱ እንደተሳካላት ነገረችኝ። አምስቱ ለምን እንደሳቱ ስጠይቃት የአራቱን ምክንያት አወቀች። አምስተኛውን ገና እየፈለገች ነው።